ጥርጣሬ ያፋጠነው ጉዞ

የቻይና የቴክኖሎጂ ታሪክ ከ1908 እስከ 2025
(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

በካሳ ገንዘብ የተከፈተ ትምህርት ቤት

የስምንት አገሮች ጦር ቤጂንግን ይዞ ፀረ ባዕድ የሆነውን የቦክሰሮችን ዐመፅ ካከሸፈ በኋላ፣ የተሸነፈችው ቻይና በ1901 450 ሚሊዮን ተኤል ብር ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት። ዕዳው ከነወለዱ በ39 ዓመት የሚያልቅ ነበር። አሜሪካ የተሰጣት ድርሻ ከደረሰባት ጉዳት እንደሚበልጥ ስትረዳ፣ በ1908 ትርፉ ለቻይናውያን ወጣቶች ትምህርት እንዲውል ወሰነች። በ1911 ወደ አሜሪካ የሚላኩ ተማሪዎችን የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት በዚያ ገንዘብ ቤጂንግ ውስጥ ተከፈተ። ዛሬ ጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ከዓለም ታላላቅ የምሕንድስና ተቋማት የሚቆጠረው እሱ ነው።

በዚያው በ1911 ሻንጋይ ውስጥ፣ በኋላ የቻይናን የሚሳኤል ሥራ የሚመሩት ቺየን ሹዌሰን ተወለዱ። በጂያዎ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ምሕንድስና ሲማሩ፣ በ1932 የጃፓን አውሮፕላኖች ሻንጋይን ከሰማይ ደበደቡ። ወጣቱ ከምረቃቸው በኋላ ሐሳባቸውን ከሐዲድ ወደ አውሮፕላን አዞሩ፤ በ1935 በዚያ የካሳ ገንዘብ ስኮላርሺፕ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። በኤም አይ ቲ ማስተርሳቸውን ይዘው ወደ ካሊፎርኒያው ካልቴክ ሲዛወሩ፣ በዘመኑ የአየር ፍሰት ሳይንስ ቁንጮ የነበሩት ሀንጋሪያዊው ቴዎዶር ፎን ካርማን ተቀብለው ደቀ መዝሙራቸው አደረጓቸው። በካልቴክ ጥቂት ወጣቶች ሮኬት ለመሥራት አደገኛ ሙከራ ያካሂዱ ነበር። ቺየን ሒሳቡን እየሠሩ ተቀላቀሏቸው። ከዚህ ቡድን ሥራ በኋላ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተወለደ፤ ዛሬ የናሳን መንኮራኩሮች ወደ ማርስ የሚልከው ማዕከል ነው።

በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ፣ አሜሪካ ለቺየን ጊዜያዊ የኮሎኔል ማዕረግ ሰጥታ ከፎን ካርማን ጋር ወደ ጀርመን ላከቻቸው። እዚያም የቪ 2 ሮኬት አባት የሆኑትን ቬርነር ፎን ብራውንን ጠየቁ፤ ያዩትንና የሰሙትንም ለአሜሪካ ጦር በጽሑፍ አቀረቡ። ቻይናዊ ዜግነት ያላቸው ሰው የአሜሪካን ጥልቅ ወታደራዊ ምስጢር በእጃቸው ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ይህን እንደ ነውር አልቆጠረውም።

አምስት የጥበቃ ዓመታት

በ1949 ማኦ ዜዱንግ ሥልጣን ያዙ። በሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። በአሜሪካም ኮሚኒስት የማደን ዘመን መጣ። በዚያው በሰኔ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰዎች ቺየንን በ1930ዎቹ መጨረሻ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ብለው ከሰሱ። ቺየን ካዱ፤ ሆኖም ምስጢራዊ ሥራ እንዲሠሩ የሚያስችላቸው የደኅንነት ፈቃድ ተነጠቀ። የሚወዱት ሥራ ሲዘጋባቸው ወደ አገራቸው ለመመለስ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። የጉምሩክ ሰዎች 800 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መጽሐፍና ወረቀታቸውን ያዙት። ሲመረመር የሚያስከስስ ምስጢር አልተገኘበትም። እሳቸው ግን ተርሚናል አይላንድ በተባለ ማቆያ ሁለት ሳምንት ያህል ታስረው በ15,000 ዶላር ዋስ ተለቀቁ።

የተለቀቁት ግን ወደ ነጻነት አልነበረም። አንዱ የመንግሥት ክንፍ ሊያባርራቸው ሲወስን ሌላው የሚያውቁት ነገር ለጠላት ይደርሳል ብሎ እንዳይሄዱ ከለከለ። ለአምስት ዓመት ከሎስ አንጀለስ አውራጃ ሳይወጡ፣ ስልካቸው እየተጠለፈ፣ ቤታቸው እየተጠበቀ ኖሩ። በዚያ ጥበቃ ሥር ከምስጢራዊው ምርምር የራቀ ሌላ የጥናት መስክ ከፈቱ፤ በ1954 ስለ ምሕንድስና ሳይበርኔቲክስ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በባሕር ኃይሉ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት ዳን ኪምቦል ሰውዬው ከአሜሪካ እንዳይወጡ አጥብቀው ተከራክረው ነበር፤ በኋላም ቺየን የተባረሩበትን ውሳኔ አገራቸው ከሠራቻቸው ስሕተቶች የከፋው ሲሉ ኮንነውታል።

በ1955 ክረምት ቻይናና አሜሪካ በጄኔቭ ተነጋገሩ። ቻይና በኮሪያው ጦርነት የማረከቻቸውን 11 አሜሪካውያን የአየር ኃይል አባላት ለቀቀች። በመስከረም 17 ቺየን ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በመርከብ ተሳፍረው ወጡ። ዳግም አሜሪካን አልረገጡም።

ቦምብ፣ ሚሳኤል፣ ሳተላይት

ቻይና ሲደርሱ አገሪቱ ሚሳኤል ቀርቶ መኪና የመሥራት አቅሟ ገና መጀመሩ ነበር። በጥቅምት 1956 አምስተኛው አካዳሚ የተባለው የሚሳኤል ምርምር ተቋም በእሳቸው መሪነት ተመሠረተ። የሥራ ባልደረቦቻቸው አብዛኞቹ ሮኬት ዐይተው የማያውቁ አዲስ ምሩቃን ስለነበሩ፣ ሥራው በንግግርና በጥቁር ሰሌዳ ከፊደል ቆጠራ ተጀመረ። ሶቪየት ኅብረት የአር 2 ሚሳኤል ናሙናና ባለሙያ ላከች። በ1960 ግን ሞስኮና ቤጂንግ ተጣሉ፤ ሶቪየቶች ከ1,000 በላይ ባለሙያዎቻቸውን በአንድ ጊዜ አስወጡ፤ ንድፋቸውንም ይዘው ሄዱ። ቻይናውያኑ በኅዳር 5 ቀን 1960 የዚያን ሚሳኤል ቅጂ በራሳቸው እጅ ሠርተው አስወነጨፉ። በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ኃይሎች በየተራ በሩን ዘግተውባቸዋል።

በጥቅምት 16 ቀን 1964 በሎፕ ኑር በረሓ የመጀመሪያው የቻይና አቶሚክ ቦምብ ፈነዳ። በ1966 ኑክሌር የጫነ ሚሳኤል ተሞከረ፤ በ1967 ሃይድሮጅን ቦምብ ተከተለ። በ1999 መንግሥት ለቦምቡና ለሳተላይቱ ሥራ ልዩ ኒሻን ከሰጣቸው 23 ሊቃውንት አብዛኞቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የተማሩ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዴንግ ጂያሺያን በ1950 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወዲያው ተመልሰው፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ስማቸው ከአደባባይ ጠፍቶ ቦምቡን ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ይህ ድል የተገኘበት ዘመን አሠቃቂ ዘመንም ነው። ከ1958 ጀምሮ በታላቁ የዕድገት ዘመቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ አለቁ። ቺየን ራሳቸው የፀሐይን ጉልበት በማስላት የእህል ምርት ብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አሳትመው የባለሥልጣናቱን ቅዠት በሳይንስ ስም ደግፈዋል። ሥልጣን ያቀፈው ሊቅ እውነትን መናገር ሲያቅተው ሕዝብ የሚከፍለውን ዋጋ ይህ ያሳያል።

ከዚያ የባህል አብዮት መጣ። ዋሽንግተን በ1950 የሠራችውን ቤጂንግ በ1960ዎቹ በባሰ ጭካኔ ደገመችው፤ በውጭ የተማረ ሁሉ የውጭ ሰላይ ተባለ። በብሪታንያ የተማሩት የሚሳኤል ብረታ ብረት ሊቅ ያዎ ቶንግቢን በሰኔ 1968 በሁከተኞች ዱላ ተደብድበው ሞቱ። የሳተላይቱን ሥራ ከመጀመሪያው የመሩት፣ በርሊን የተማሩት ዣዎ ጂዩዣንግ በዚያው ዓመት ውርደቱን መሸከም አቅቷቸው ራሳቸውን አጠፉ። ከያዎ ሞት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ሊነኩ የማይገባቸውን ሳይንቲስቶች ዝርዝር አስጻፉ። በሚያዝያ 24 ቀን 1970፣ 173 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ዶንግፋንግሆንግ ወደ ምሕዋር ገብታ ከሰማይ ዜማ ስታሰማ፣ ዣዎ አልነበሩም።

52ቱ ተጓዦች

ማኦ በ1976 ሞቱ። በ1977 መጨረሻ ለዐሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተቀመጠ፤ ከእርሻ የመጡ፣ ከፋብሪካ የመጡ፣ ትዳር የመሠረቱ ሁሉ ነበሩበት። በመጋቢት 1978 በብሔራዊው የሳይንስ ጉባኤ ዴንግ ሺያዎፒንግ ምሁር የሠራተኛው መደብ አካል መሆኑን ዐወጁ። ትናንት ጠላት ተብሎ ለተረገጠ ሰው ይህ ቃል የሞት ፍርድ እንደመሻር ነበር።

በታኅሣሥ 1978 የመጀመሪያዎቹ 52 ምሁራን ወደ አሜሪካ በረሩ። በወሩ፣ በጥር 31 ቀን 1979፣ ዴንግና ፕሬዝዳንት ካርተር በዋሽንግተን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትብብር ስምምነት ፈረሙ። በዚህ ስምምነት ጥላ ሥር ሁለቱ አገሮች በጤና፣ በግብርናና በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት አብረው ሠሩ። በቻይና የተካሄደ አንድ ሰፊ የጋራ ጥናት እርጉዝ ለመሆን ያሰቡ ሴቶች ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ሕፃናት በአከርካሪ ጉድለት የመወለዳቸው አደጋ በብዙ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ውጤቱ በብዙ አገር የጤና መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

በ1983 ፕሬዝዳንት ሬገን የጠፈር ጦር መከላከያ እቅዳቸውን ሲያውጁ የቻይና ሊቃውንት ደነገጡ። በመጋቢት 3 ቀን 1986 ዋንግ ዳሄንግ፣ ዋንግ ጋንቻንግ፣ ያንግ ጂያቺና ቼን ፋንግዩን የተባሉ አራት አንጋፋ ሳይንቲስቶች ለዴንግ ደብዳቤ ጻፉ፤ ዓለም ወደፊት ሲሮጥ ቻይና ብትቆም ዳግም እንደማትደርስ አስጠነቀቁ። ዴንግ በሁለት ቀን ውስጥ ጉዳዩ ሳይዘገይ እንዲወሰን በደብዳቤው ላይ መመሪያ ጻፉ። ከዓመቱና ከወሩ ስሙን የወሰደው የ863 መርሐ ግብር እንዲህ ተወለደ፤ በሕይወት ቴክኖሎጂ፣ በጠፈር፣ በሌዘርና በኮምፒውተር ምርምር ላይ ለሠላሳ ዓመት ገንዘብ አፈሰሰ።

በሰኔ 1989 ደግሞ መንግሥት በቲያንአንመን አደባባይ በተቃዋሚዎች ላይ ታንክ አዘመተ። በአሜሪካ ይማሩ የነበሩ ቻይናውያን መመለስ ፈሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ባወጣው ሕግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ፤ ብዙዎቹ ለአሜሪካ ላቦራቶሪዎችና ኩባንያዎች የጀርባ አጥንት ሆኑ። ቺየንን በማባረር አሜሪካ የከሠረችውን፣ ቤጂንግ በጥይት መልሳ ሰጠቻት።

ሁለቱ መልኮች

በ1999 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ቻይና የኑክሌር ምስጢር ሰርቃለች የሚል ዘገባ አወጣ። በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት የታይዋን ተወላጅ አሜሪካዊ ዌን ሆ ሊ በ59 ክስ ተያዙ፤ ለዘጠኝ ወር ብቻቸውን ታሰሩ። በመስከረም 2000 በአንዲት ጥፋት ብቻ አምነው ሲለቀቁ፣ ዳኛው ጄምስ ፓርከር ስለ አያያዛቸው በችሎት ይቅርታ ጠየቋቸው።

ይህም ሆኖ ቻይና በታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች። ገበያዋን ለመግባት የፈለገ የውጭ ኩባንያ ቴክኖሎጂውን እንዲያካፍል ትጠይቅ ነበር። ከ2004 ጀምሮ የጃፓን፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይና የካናዳ ኩባንያዎች የፈጣን ባቡር ቴክኖሎጂ ይዘው ገቡ። በ2024 መጨረሻ የቻይና የፈጣን ባቡር መስመር 48,000 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ በዓለም ከቀረው ሁሉ ተደምሮ ይበልጣል። በ2006 የወጣው የ15 ዓመት የሳይንስ እቅድ የራስ ፈጠራን የአገር ዓላማ አደረገው፤ በ2008 የተጀመረው የሺህ ተሰጥኦዎች መርሐ ግብር በውጭ ያሉ ሊቃውንትን በገንዘብና በላቦራቶሪ እየሳበ መለሰ።

ሌላው መልክ በዚያው ጊዜ ታየ። በጥር 2007 ቻይና የራሷን አሮጌ የአየር ትንበያ ሳተላይት በሚሳኤል ሰበረች፤ ከ3,000 በላይ በራዳር የሚታይ ስብርባሪ በምሕዋር ተበተነ፤ እስከ ዛሬም የሌላውን ሁሉ ሳተላይት ያሰጋል። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ቢሮ ኮምፒውተር ተሰብሮ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የግል መረጃ መወሰዱ ታወቀ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጣታቸውን ወደ ቻይና ጠቆሙ። በ2014 ደግሞ በቀድሞው የአሜሪካ የስለላ ሠራተኛ በኤድዋርድ ስኖውደን እጅ የወጡ ሰነዶች አሜሪካ ራሷ የቻይናውን የቴሌኮም ኩባንያ የሁዋዌን መረብ ሰርጋ ገብታ እንደነበር አሳዩ። ስለላው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

በ2011 የአሜሪካ ምክር ቤት ተወካዩ ፍራንክ ዎልፍ ናሳ ከቻይና ጋር በሁለትዮሽ እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ በበጀት ሕግ አስገቡ። ቻይናውያን ጠፈርተኞች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የመግባት ተስፋቸው ተቋረጠ። ቻይና የራሷን ሠራች፤ ቲያንጎንግ ጣቢያ በ2022 መጨረሻ ተጠናቀቀ። በሚያዝያ 2015 ዋሽንግተን ለቻይና ሱፐር ኮምፒውተር ማዕከላት የኢንቴል ቺፕ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በሰኔ 2016 በቻይና በተሠራ ቺፕ የሚንቀሳቀሰው ሰንዌይ ታይሁላይት የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር ሆኖ ተመዘገበ።

ትብብር ምን እንደሚያፈራ ያሳየውም 2016 ነው። ፓን ጂያንዌይ በቪየና ከኦስትሪያዊው ኳንተም ሊቅ አንቶን ዛይሊንገር ሥር ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በነሐሴ 2016 ቡድናቸው ሚሲየስ የተባለችውን የመጀመሪያ የኳንተም ግንኙነት ሳተላይት አመጠቀ። በመስከረም 2017 በዚያች ሳተላይት በተላለፈ ቁልፍ የተጠበቀ የምስል ጥሪ በቤጂንግና በቪየና መካከል ተካሄደ፤ በቪየናው ጫፍ መምህሩ ዛይሊንገር ነበሩ። ያው ግኝት ሊጠለፍ የማይችል ወታደራዊ ግንኙነትም ሊሆን ይችላል። አንዱ ምርምር ሁለት እጅ አለው፤ ችግሩ ሁሉ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

አዲስ አበባ በታሪኩ ውስጥ

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ አዲስ አበባ ላይ ተጽፏል። በ2006 የቻይናው የቴሌኮም ኩባንያ ዜድ ቲ ኢ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የኢትዮጵያ ቴሌኮም ውል ያዘ፤ በ2013 ደግሞ ሁዋዌና ዜድ ቲ ኢ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ተካፈሉ። የሞባይል ስልክ ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር የዘለቀው በአብዛኛው በእነዚህ መሣሪያዎች ነው። በጥር 2012 ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ የሰጠችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀ። በጥር 2018 የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ፣ የሕንፃው ኮምፒውተሮች ለዓመታት በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ሲልኩ ነበር ሲል ዘገበ። ቻይና አስተባበለች፤ የኅብረቱ ኃላፊዎችም አልተቀበሉትም። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ መረጃህ በማን ዕቃ ላይ እንደሚያልፍ የማታውቅ ከሆነ የሚያረጋግጥልህ የለም የሚለው ትምህርት ግን ቀረ።

በታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1 ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነዋ ሳተላይት እርሻን፣ ደንንና የአየር ጠባይን ለመከታተል የተሠራች ነበረች። አብዛኛውን ወጪ ቻይና ሸፈነች፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በንድፉና በሥልጠናው ተሳትፈው፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውን በእንጦጦ ያዙ። የሚሰጠውን ተቀብሎ በማመስገንና ሥራውን በእጅ ይዞ በመማር መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ላይ ይታያል።

ቺፕ

በግንቦት 2015 ቤጂንግ በቻይና የተሠራ 2025 የሚል እቅድ አወጣች፤ በአሥር ዘርፎች ዋና ዋና ክፍሎችንና ቁሶችን በ2025 ሰባ በመቶ በአገር ውስጥ ለማምረት። በመጋቢት 2016 የጉግል አልፋጎ ፕሮግራም የደቡብ ኮሪያውን የጎ ጨዋታ ጌታ ሊ ሴዶልን አሸነፈ፤ በግንቦት 2017 በቻይናዋ ዉዠን ከተማ የዓለም አንደኛ የነበሩትን ኬ ጂየን ረታ። ከሁለት ወር በኋላ መንግሥት በ2030 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የዓለም መሪ የመሆን እቅድ ዐወጀ።

ቴክኖሎጂው ሺንጂያንግ በተባለው የቻይና ክልል ጨለማ ጎኑን አሳየ። የፊት ማወቂያ ካሜራ፣ የስልክ ፍተሻና የተቀናጀ የፖሊስ መረጃ ቋት ኡይጉሮችንና ሌሎች ሙስሊሞችን ለመከታተል ዋሉ፤ ብዙ ሰዎችም በጅምላ ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ። በየካቲት 2019 የአሜሪካው ተርሞ ፊሸር ኩባንያ የዘረመል ንባብ መሣሪያዎቹን በሺንጂያንግ መሸጥ እንደሚያቆም ተናገረ። በጥቅምት 2019 አሜሪካ የቻይና ኩባንያዎቹን ሂክቪዥንን፣ ሴንስታይምንና ሜግቪን በንግድ ጥቁር መዝገብ አሰፈረች። ተመራማሪ ሁሉ የሠራው ፕሮግራም ማንን ለማሰር እንደሚውል የመጠየቅ ግዴታ እንዳለበት ዓለም የተማረው በእነዚህ ሰዎች ዋጋ ነው።

በ2018 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሳይቃጠል በቅጠል ብለው በሁሉም አቅጣጫ ተነሡ። በሚያዝያ ዜድ ቲ ኢ በኢራን ማዕቀብ ጥሰት ምክንያት ከአሜሪካ ዕቃ ታገደ፤ ኩባንያው ሊዘጋ ደርሶ ቅጣት ከፍሎ ተረፈ። በታኅሣሥ የሁዋዌ ከፍተኛ ኃላፊ ሜንግ ዋንዡ በካናዳዋ ቫንኩቨር ሲያዙ፣ ከቀናት በኋላ ቻይና ሁለት ካናዳውያንን አሰረች። በ2019 ሁዋዌ ራሱ በጥቁር መዝገብ ገባ። በኅዳር 2018 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የቻይናን ስለላ የሚያድን የቻይና ኢኒሺየቲቭ የተባለ ዘመቻ ጀመረ።

ዘመቻው እውነተኛ ሌባም አግኝቷል። በቻይና የጸጥታ ሚኒስቴር ስለላ ያካሂዱ የነበሩት ሹ ያንጁን የጀነራል ኤሌክትሪክን የአውሮፕላን ሞተር ምስጢር ሲያነፈንፉ በ2018 በቤልጂየም ተይዘው፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት 20 ዓመት ተፈረደባቸው። ሆኖም ብዙ ክሶች ወደ ላቦራቶሪና ወደ መማሪያ ክፍል ገቡ። የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ጋንግ ቼን በጥር 2021 ታሰሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ክሱ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ዘመቻው በየካቲት 2022 ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ታትሞ በወጣ ጥናት 1,304 የቻይና ተወላጅ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲጠየቁ፣ 72 በመቶ በተመራማሪነታቸው የደኅንነት ስሜት እንደሌላቸው፣ 61 በመቶ አሜሪካን ለቅቀው መሄድ እንዳሰቡ ተናገሩ። ከ1950ው የከፋው ነገር ስጋቱ አሁን የብዙዎች መሆኑ ነው።

በጥቅምት 7 ቀን 2022 ዋሽንግተን እጅግ ጠንካራውን ርምጃ ወሰደች፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉ ቺፖችንና የሚሠሩባቸውን ማሽኖች ወደ ቻይና መላክ ከለከለች። ርምጃው የነካው የቴክኖሎጂውን ስስ ብልት ነው፤ እጅግ ጥቃቅኑን ቺፕ የሚያትመውን ማሽን በዓለም የሚሠራ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤ ኤስ ኤም ኤል። በነሐሴ 2023 ሁዋዌ በቻይናው ኤስ ኤም አይ ሲ የተሠራ ባለ 7 ናኖሜትር ቺፕ ያለው ሜት 60 ፕሮ ስልክ አወጣ። በዚያው ክረምት ቻይና ለቺፕ ሥራ የሚያስፈልጉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም የወጪ ንግድ ቁጥጥር ውስጥ አስገባች።

በጥር 2025 የሃንግዡው ዲፕሲክ ኩባንያ አር 1 የተባለውን የቋንቋ ሞዴል በነጻ ለቀቀ። በዚህ ድንጋጤ በጥር 27 የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጣ። እገዳው ግን ፋይዳ ቢስ አልነበረም፤ የዲፕሲክ መሥራች ሊያንግ ዌንፌንግ ራሳቸው ከዚያ በፊት በሰጡት ቃለ ምልልስ ችግራቸው ገንዘብ ሳይሆን የጥሩ ቺፕ እገዳ መሆኑን ተናግረዋል። ገደቡ ያዘገያል፤ በዚያው ልክ ያስተምራል።

የሚዘጋውና የሚተወው

ቻይና በ2024 ለምርምር ያወጣችው ገንዘብ ከ3.6 ትሪሊዮን ዩዋን አልፏል፤ ከአገሪቱ ምርት 2.7 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህ ሀብት የሕዝቧ ላብ ውጤት ነው፤ ስርቆትም የውጭ ጥርጣሬም ብቻቸውን አያብራሩትም። ይሁንና ከ1950 እስከ 2025 ያለው ጉዞ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፤ ሊቅን በትውልዱ መጠርጠር የጠረጠረውን መንግሥት ሁልጊዜ ጎድቷል። ዋሽንግተን በቺየን፣ ቤጂንግ በያዎና በዣዎ፣ በቲያንአንመንም በአንድ ትውልድ ከፍለውበታል።

የሚያስፈራው ነገር እውነት ነው። ሳተላይት የሚሰብር ሚሳኤል፣ ሕዝብን የሚያሳድድ ካሜራ፣ የሰው መረጃ የሚዘርፍ ሰላይ ዝም ሊባሉ አይገባም። መንግሥታት የጦር መሣሪያን ንድፍ፣ የስለላን መሣሪያና የዜጎችን የግል መረጃ አጥብቀው ይጠብቁ፤ ሌባውንም በማስረጃ ይክሰሱ። መሠረታዊ ሳይንስ፣ የሕመም ጥናት፣ የአየር ንብረትና የጠፈር ምርምር ግን ክፍት ይሁኑ። በታኅሣሥ 2024 ሁለቱ አገሮች የ1979ኙን ስምምነት በመሠረታዊ ምርምር ብቻ ወስነው ለአምስት ዓመት አደሱ። በ2025ም ቻይና ከጨረቃ ያመጣችውን አፈር ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር አዋሰች፤ በናሳ ላይ ያለው እገዳ ግን አልተነሣም። እነዚህ ትናንሽ ክፍተቶች የፖለቲካ ጌጥ አይደሉም፤ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ሐኪሞች እርስ በርስ የሚጻጻፉባቸው መንገዶች ናቸው።

ከሁለቱም ኃይሎች ውጭ ላሉ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ትርጉሙ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቤጂንግ የሚማር ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የቻይና ተላላኪ አይደለም፤ ቦስተን የሚማረውም የአሜሪካ አይደለም። ሁለቱም ሲመለሱ የሚሠሩበት ላቦራቶሪ፣ የሚያዩት መረጃና የሚያምናቸው መንግሥት ካገኙ፣ የተገዛን መሣሪያ ውስጡን ከፍቶ የሚመረምር፣ ምን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አገር ይፈጥራሉ። ቻይና ራሷ ከውርደት ወደ ኃይል የተሻገረችው ልጆቿን ወደ ዓለም ልካ፣ ሲመለሱ ሥራ በሰጠች ጊዜ ነው፤ በጠረጠረቻቸው ጊዜ ሁሉ ግን ወደ ኋላ ተመልሳለች።